መልሱን ይዞ የሚመጣ ሰው

ሚያዝያ አስራ አንድ ቀን ነበር። መነጽር ሠሪዋ የምታስታውሰው እንደዚያ ነው። ግን ሚያዝያ ከሆነ የፊት ጥርሷ ወልቆ መሆን ነበረበት፤ በዚያው ወር ትምህርት ቤት የተነሳችው ፎቶግራፍ ላይ ደግሞ ሁለቱም ጥርሶቿ በቦታቸው ተደርድረው ይስቃሉ። መጋቢት ይሆን? መጋቢት እንዳትለው እናቷ ብርድ ልብሶቹን አጥባ አጥሩ ላይ አስጥታ እንደነበር ትዝ ይላታል፣ እናቷ ደግሞ ሙቀቱ ሳይጠና ብርድ ልብስ አታጥብም። ይቅር። ቀኑ ቢሳሳትም ነገሩ አይሳሳትም።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ የጭነት መኪና ሹፌር ነበር። ከሩቅ አገር ሲመለስ መኪናውን አምጥቶ የሚያቆመው በራቸው ላይ ነው፤ እሷም ድምፁን ከመንገዱ ጫፍ ትለይና ከሰፈሩ ልጆች ሁሉ ቀድማ ትሮጣለች፣ እሱም ከጋቢና ሳይወርድ በመስኮቱ ስቦ ጉልበቱ ላይ ያስቀምጣታል። ያን ቀን ግን መኪናው በራቸው ሳይደርስ መንገዱ መታጠፊያ ላይ ቆመ። ሮጠች። ደረሰች። የጋቢናውን በር በሁለት መዳፏ እየደበደበች «አባዬ! አባዬ!» አለች። አባቷ መስኮቱን ዘጋ። አንዴ ቁልቁል አያት፣ ከዚያ ፊቱን ወደ መንገዱ መልሶ እጁን ክላክሱ ላይ ጫነው፤ አላነሳውም። የምትለውን ራሷ እንኳ መስማት አልቻለችም። ጎረቤቱ ሁሉ ወጣ። «ክላክሱ ተጣብቆበት ነው» አለ አንዱ። ረዳቱ በወዲያኛው በር ዘሎ ወርዶ ወደ እናቷ ሮጠና ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አለ። እናቷ መጥታ ክንዷን ይዛ እየጎተተች ወሰደቻት፣ ጓዳ አስገብታ በሩን ዘጋችባት። ክላክሱ ያን ጊዜ ዝም አለ።

ለምን አልከፈተልኝም? ይህቺን አንዲት ጥያቄ ይዛ አደገች፣ ተማረች፣ አገባች፣ ፈታች። ሌላ ከአባቷ የምትፈልገው ነገር አልነበረም።

ከዚያ ቀን በኋላ የቤቱ ሕግ ተለወጠ። ሹፌሩ ከመታጠፊያው ላይ ክላክስ ያደርጋል። በሌላው ቤት ይህ ድምፅ ሲሰማ ልጅ «ውጪ፣ አባትሽ መጣ!» ይባላል፤ በእነሱ ቤት ግን እናትየው ምጣዷንም ማንኪያዋንም ጥላ «ግቢ! አባትሽ መጣ!» እያለች ልጇን ወደ ጓዳ ታባርራለች፤ እሷም ተከትላ ትገባለች። ግቢው ባዶ ይሆናል። ያን ጊዜ ሰውየው ገና የብረቱን በር ሳይከፍት «እንኳን ደህና ቆያችሁ! እንኳን ደህና ቆያችሁ!» እያለ በሙሉ ድምፁ እየጮኸ ይገባል።

እንኳን ደህና ቆያችሁ የሚባለው መጀመሪያ እንኳን ደህና መጣህ ላለ ሰው መሆኑን አፉን የፈታ ልጅ ሁሉ ያውቃል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ግራ ተጋባ፣ ቆይቶ ሳቀ፣ በኋላም ስም አወጣለት። ጋሽ ደህና ቆያችሁ ተባለ። «ሰውየው መልሱን ይዞ ነው የሚመጣው» ይላሉ፣ «ሰላምታውን መንገድ ላይ ጥሎት።» ፀጉር አስተካካዩ ደግሞ አንድ ቀን ሱቁ በር ላይ ቆሞ፣

«ጋሽ ደህና ቆያችሁ! ሰው ሳይመታህ ወይኔ የምትል አንተ ብቻ ነህ!» አለው።

«ከተመቱ በኋላማ ማን አይልም?» አለና ሳቀ ሹፌሩ። ሳቁ የምር ነበር። ሰው አይጠላም፣ ኩራተኛ አልነበረም። ብቻ ከመንገድ ሲመለስ ማንም ቀድሞት እንዲናገር አይፈቅድም።

ቀጥሎ ውሻ ገዛ። ልጅቱ ለእሷ የተገዛ መስሏት ነበር። ውሻው ግን አባቷ ከመንገድ በመጣ ቁጥር የሚፈለግ ውሻ ሆነ፤ ሹፌሩ በሩ ላይ ቆሞ አጥንት እያሳየ «ና! ና የኔ ጌታ! ና ተቀበለኝ እንጂ!» ይለዋል። ውሻው አንድ ዓይኑን ከፍቶ ያየዋል፣ መልሶ ይጨፍነዋል። ለወተት ሻጯ ጅራቱን ይቆላል፣ ለፖስታ አመላላሹ ሳይቀር ይነሳል፤ ለሹፌሩ ግን አንድም ቀን አልተነሳም። እንዲሁ እንደተኛ አርጅቶ ሞተ። ልጅቱ በጓዳው መስኮት ቀዳዳ ይህን ሁሉ ታይ ነበር። አባቷ አንድ ሰነፍ ውሻ እንዲቀበለው ሲለምን፣ ለመቀበል የምትሞተዋን ልጁን ጓዳ አስቆልፎ። የዚያን ውሻ መሞት ሰምታ ያለቀሰችው አዝና አልነበረም፤ እንኳንም ሞተ ብላ ስላሰበች ነው ያለቀሰችው።

ሲሄድ ግን ሌላ ሰው ነበር። ጉዞ የሚጀምርበት ጠዋት እሷን ትከሻው ላይ አድርጎ ወደ መኪናው ይወስዳታል፣ መሪ ያስይዛታል፣ ግንባሯን ይስማታል፣ ከወረደች በኋላ መልሶ ጠርቶ እንደገና ይስማታል። «ደህና ሁኚ» ይላል፣ ሞተር ያስነሳል፣ ሞተሩን ያጠፋል፣ «ደህና ሁኚ ብዬሻለሁ እንዴ?» ይላል። እናትየው «ሂድ በቃ፣ እህሉ ሳይደርስ በቅሎ ያድራል!» እስክትለው። ስለዚህ ልጅቱ የአባቷን መምጣት የምትፈራ፣ መሄዱን የምትናፍቅ ልጅ ሆነች። አንዳንድ ጊዜ እሱ እቤት እያለ ጠጋ ብላ «አባዬ፣ መቼ ነው የምትሄደው?» ትለዋለች። ይህን የምትለው ወድዳው እንደሆነ ለማን ታስረዳ? እሱም ፀጉሯን ይዳብሳል።

በጉዞው ዋዜማ ደግሞ ተረት ነበረ። የሹፌር ተረት ለእንቅልፍ አይደለም፣ እንቅልፍ ለማባረር ነው፤ እሱም ጋቢና ውስጥ ረዳቱን እያወራ የሚያነቃበትን ተረት ነው ቤት ይዞ የሚመጣው። ተረቶቹ ሁሉ ስለ አንድ ነገር ነበሩ፣ ስሙን ቄስ ይጥራውና ሰይጣንን በውል ስላታለሉ ሰዎች።

«አንድ ሰው ነበር» ይላል። «ሰይጣን መጣና፣ ነፍስህን ልውሰድ አለው። ሰውየው፣ እሺ፣ ግን ይህ ኩራዝ ውስጥ ያለው ጋዝ እስኪያልቅ ጠብቀኝ አለው። ሰይጣን ኩራዟን አየና ትንሽ ናት፣ ምን አለበት አለ። ተስማሙ። ተፈራረሙ። ሰውየው ምን አደረገ መሰለሽ? እፍ! አጠፋታ! ጋዙ እስከ ዛሬ አላለቀም።»

«ሰይጣኑስ?»

«አፍሮ ሄደ።»

«ሰውየውስ?»

«ሰውየው ምን ይሆናል? አሸነፈ እንጂ።»

«ታዲያ በጨለማ ነው የሚኖረው?»

«አንቺ ልጅ ጥያቄ ታበዢያለሽ» አላት።

ሌላም ሌላም ተረት ነበረው። ጥላውን ሸጦ እኩለ ቀን ላይ ብቻ የሚወጣ ሰውዬ ነበር። ነፍሷን ለመስጠት ተስማምታ ሲመጣባት «የቱን ነፍሴን?» እያለች ያደናገረችው ባልቴትም ነበረች። ሰይጣኑ ሁልጊዜ አፍሮ ይሄዳል። የሚያሸንፈው ሰው ግን ሁልጊዜ ብቻውን ይቀራል፣ እሷ ይህን ያስተዋለችው በጣም ዘግይታ ነው።

አድጋ ዩኒቨርሲቲ ገባች፣ ስለ ብርሃንና ስለ መስታወት ተማረች፣ መነጽር ቤት ተቀጠረች። ቀኑን ሙሉ መስታወት ትሞርዳለች፣ ታጥባለች፣ ከፍሬሙ ጋር ታገጣጥማለች። አገባች። ባሏ ጥሩ ሰው ነበር። ግን ከሥራ ሲመለስ የበሩ ቁልፍ ሲዞር ስትሰማ እግሯ በራሱ ጊዜ ወደ ጓዳ ይወስዳታል። ምንም ሥራ ሳይኖራት። አንድ ሁለት ጊዜ ሳቀባት። አንድ ሁለት ጊዜ ተቆጣ። በመጨረሻ፣ «እኔ ሁልጊዜ የምገባው ባዶ ቤት ነው እንዴ?» አላት። ልታስረዳው ሞከረች፤ ራሷ የማታውቀውን ምኑን ታስረዳለች? ተለያዩ። እናቷ ስትሞት ሻንጣዋን ይዛ ወደ አባቷ ቤት ተመለሰች። ሁለቱ በሁለት ክፍል ውስጥ መኖር ጀመሩ።

ያን ጊዜ ሽማግሌው መንዳት ካቆመ ቆይቷል። ዓይኑ ደክሞ ነበር። ሐኪሙ የሞተው የዓይኑ ነርቭ ነው፣ መነጽር አያድነውም ብሏል፤ እሷም ይህን ከማንም በላይ ታውቃለች። ቢሆንም ሠራችለት። ደጋግማ ሠራችለት። እሱም እያንዳንዱን አድርጎ «አሁንማ ጥርት አለልኝ!» ይልና የወንበሩን ጠርዝ በዳበሳ ይፈልጋል።

መንገዱ አጥሮ ነበር እንጂ ልማዱ አልቀረም። በየቀኑ ወደ ድሮ ረዳቱ ሱቅ በእግሩ ይሄዳል። ረዳቱ አሁን አርጅቶ የራሱ ጎሚስታ አለው፣ ጎማ ይጠግናል፣ ንፋስ ይሞላል፣ ሰፈሩ ጋሽ ጎማ ይለዋል። ሽማግሌው እዚያ ውሎ ሲመለስ ከመታጠፊያው ጀምሮ «እንኳን ደህና ቆያችሁ!» እያለ ይመጣል። ዓይኑ ስለማያይለት በየት በኩል ማን እንዳለ አያውቅም፤ ስለዚህ ለሁሉም ይላል። ለስልክ እንጨቱ ይላል። ለቆመ መኪና ይላል። ልጆች ይስቃሉ።

አንድ ከሰዓት በኋላ ግቢው ውስጥ ያለችውን አንዲት ክፍል የተከራየች አዲስ ወጣት ሴት ውሃ ልትቀዳ ወጥታ በሩ ላይ ቆማ ነበር። የሰፈሩን ነገር አታውቅም። ሽማግሌው ግድግዳውን እየዳበሰ ሲደርስ፣

«እንኳን ደህና መ—» አለች።

«እንኳን ደህና ቆያችሁ! ደህና ቆያችሁ! ቆያችሁ!» ብሎ ጮኸባት። ጄሪካኗን ጣለች። ሽማግሌው በሩን ይዞ ቆመ። «ጨርሰሽዋል? ልጄ፣ ጨርሰሽዋል ወይ?» ይላታል።

«ምኑን አባቴ?»

«የጀመርሽውን!»

«ኧረ አልጨረስኩም! በሞትኩት!»

ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ ዋለ። ሲነሳ ደግሞ ለልጁ፣ ወደ እህቴ ልሄድ ነው አላት። እህቱ የምትኖረው ከከተማ በጣም ርቃ ነው። ለምን ስትለው አየሩ ይሻለኛል አለ። መቼ ትመለሳለህ ስትለው ወሬውን ወደ ሻንጣ አዞረ። መነጽር ሠሪዋ ግራ ገባት። አንዲት ሴት ሰላም ስላለችው ቤቱን ጥሎ የሚሄድ ሰው የት ይገኛል? ጥያቄው ከነሚያዝያው፣ ከነክላክሱ መጥቶ ደረቷ ላይ ተቀመጠ።

በማግስቱ ከሥራ ቀደም ብላ ወጥታ ጎሚስታው ጋ ሄደች። ጋሽ ጎማ አንድ የተነፋ ከመነዳሪ ውሃ በርሜል ውስጥ ነክሮ አረፋ የሚወጣበትን ቀዳዳ ይፈልጋል።

«እሜቴ!» አላት። «ዛሬ ደግሞ ምን እግር ጣለሽ? መኪና የለሽ፣ ጎማ የለሽ።»

«ጋሽ ጎማ፣ አባዬ ለምንድን ነው የሚሄደው?»

«አየሩ ይሻለዋል።»

«እሱንማ እሱም ነግሮኛል።»

ጋሽ ጎማ ከመነዳሪውን አገላበጠ። አረፋ የለም። መልሶ ነከረው።

«ያን ቀን እናቴ ጆሮ ላይ ምን አልክ?» አለችው።

«የቱን ቀን?»

«ክላክሱ የተጣበቀ ቀን።»

ጋሽ ጎማ እጁን ከውሃው አወጣ፣ በሱሪው ጠረገ፣ ያረጀ ጎማ ላይ ተቀመጠ። ለእሷም ሌላ ጎማ በእግሩ አስጠጋላት።

«ሳትሰሚው አትሄጂም እንግዲህ» አለ። «ስሚ። ቁልቁለቱን እየወረድን ነበር። ያን ገደል። እኔ እንቅልፌ መጥቷል፣ ጋሼ ተረት ይነግረኛል። አንድ ሰው ነበር አሉ፣ መንገድ ጠፍቶት ሊሞት ሲል ሰይጣን መጣና፣ መንገዱን ላሳይህ፣ በምትኩ ቤትህ ስትደርስ መጀመሪያ የሚቀበልህን ትሰጠኛለህ አለው። ሰውየው እሺ አለ። እዚህ ላይ ስንደርስ ነው ፍሬኑ እምቢ ያለው።»

«እና?»

«እናማ! ማርሽ ቢል የለም፣ የእጅ ፍሬን ቢል የለም። መኪናው ጭነት ይዟል። እኔ እናቴን እጣራለሁ። ጋሼ ደግሞ አፉ ላይ የነበረው ተረቱ ነው፣ አይደል? ሰው የሚለው ሲጠፋው አፉ ላይ ያለውን ይላል። እሺ! አለ። እሺ፣ መጀመሪያ የሚቀበለኝን ውሰድ! ብሎ ጮኸ። እኔ በጆሮዬ ነው የሰማሁት። ወዲያው መታጠፊያው ላይ የመንገድ ሠራተኞች የከመሩት አሸዋ! ገባንበት። ቆምን። ጭረት የለብንም።»

መነጽር ሠሪዋ ያስጠጋላት ጎማ ላይ ተቀመጠች።

«ወርደን ሳቅን» አለ ጋሽ ጎማ። «ወየው እንዴት እንደሳቅን። መሬት ላይ ተንከባለልን። ከዚያ ጋሼ ሳቁን አቆመ። ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚቀበለኝ ማን ነው? አለኝ። እኔ ምን ልበል? ካፍ ከወጣ አፋፍ። የቀረውን መንገድ አንድ ቃል አልተናገረም። ሰፈር መታጠፊያው ላይ ሲደርስ አንቺ ስትሮጪ መጣሽ።»

«ሌላ ሰው ቢቀበለው ኖሮ...»

«አልኩታ! ጋሼ፣ እኔ ልቅደምና ልቀበልህ፣ ይውሰደኝና እንገላገል አልኩት። በጥፊ አለኝ። አብሬው ስኖር የመታኝ ያን ቀን ብቻ ነው። የሰው ልጅ ለመስጠት አልሆነለትም። ውሻውን ሞክሮ ነበር፣ ያም ከይሲ እምቢ አለ። ስለዚህ መላ አበጀ። እኔ ከቀደምኩ ተቀበሉኝ አይባልም አለ። መልሱን አስቀደመ። እናትሽ መጀመሪያ ሳቀች፣ በኋላ ግን አንቺን ቀድማ የምትቆልፍ እሷ ሆነች። አሁን ዓይኑ እንዲህ ሆነ። ማን እንዳለ ካላየ እንዴት ይቀድማል? የተከራይዋን ነገር ያየሽ ነሽ።»

«ተረቱስ? መጨረሻው ምንድን ነው? ሰውየው እንዴት አመለጠ?»

«እኔስ ምን ብዬ? ፍሬኑ ነው ያቋረጠው። ጠይቄው ነበር፣ ረስቼዋለሁ አለኝ።»

እንግዲህ ጋሽ ጎማ ወሬ ሲያወራ ጎማ ከሚነፋው ይበልጥ የሚነፋ ሰው እንደሆነ ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል። አንዴ ጅብ መሪ ይዞ አይቻለሁ ብሎ ምሏል። መነጽር ሠሪዋም ይህን ስለምታውቅ፣

«ልሙት በለኝ» አለችው።

«ልሙትልሽ። ግን እስከ ዛሬ ያምንበታል ወይስ ልማድ ሆኖበት ነው፣ እሱን እኔም አላውቅም። እሱን ጠይቂው። ቅዳሜ ጠዋት ነው የሚሄደው፣ በጭነት መኪና አስይዤዋለሁ። በአውቶቡስ እምቢ አለኝ።»

ወደ ቤት ስትሄድ እግሯ ቀሏት ነበር። ለእኔ ብሎ ከሆነ፣ አለች በልቧ፣ ለእኔ ብሎ ከሆነ አንድ ጊዜ ከአፉ ልስማው። ከሰማሁት፣ እኔ አልፈራም፣ ተወው፣ ቤትህ ኑር እለዋለሁ። አለቀ።

መንገድ ላይ ተላልፈው መሆን አለበት፣ እቤት ስትደርስ እሱ ገና አልተመለሰም። ግቢው ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ፀሐይ እየወረደች ነው። ወደ ጓዳ አልገባችም፤ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ። ድምፁ ከመታጠፊያው መጣ። «እንኳን ደህና ቆያችሁ!» ለስልክ እንጨቱ። «እንኳን ደህና ቆያችሁ!» ለብረቱ በር። ገባ። ለውሃ ሮቶው አለ። ገመድ ላይ ለተሰጣ አንሶላ ቆም ብሎ፣ በአክብሮት፣ «እንኳን ደህና ቆያችሁ» አለ። ከዚያ ትንፋሹን ለመሰብሰብ ዝም አለ።

አሁን ነው። ሦስት ቃል ናት። አፏ ላይ ናት። በሰይጣን አታምንም፣ መስታወት የምትሞርድ ሴት ናት። ብትለው ምንም እንደማይሆን ታውቃለች፤ ትልና ምንም አይሆንም፣ ሁለቱም እዚያው ይቆማሉ፣ የሆነች ወፍም ትጮሃለች። ያን ጊዜ ነው የገባት። ምንም ካልሆነ ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ከማን ጋር ነበር? ያ ሁሉ የተዘጋ በር፣ ያ ሁሉ ያልታቀፈ ልጅ፣ በከንቱ ነበር ሊባል ነው። ሰይጣኑን ከእጁ ልትቀማው ነው። ከንፈሯን ነክሳ ትንፋሿን ያዘች።

አባቷ ግድግዳውን እየዳበሰ አጠገቧ አለፈ፤ የኮቱ ጫፍ ጉልበቷን ነካው። ቆመ። ፊቱን ወደ ቤቱ ውስጥ እንዳደረገ፣ ቀስ ብሎ፣

«እንኳን ደህና ቆየሽ» አለ። ለአንድ ሰው እንደሚባለው።

«እንኳን ደህና መጣህ አባዬ» አለች፣ ተገልብጦ፣ መልሱ ቀድሞ ሰላምታው ተከትሎ፣ እንደሁልጊዜው።

አርብ ሻንጣ አሰረችለት። ሸሚዞቹን ስታጥፍ ልትጀምር ፈለገች።

«አባዬ፣ ያ መንገድ የጠፋው ሰውዬ ተረት...»

«የሰይጣን ጆሮ አይስማው» አላት ቶሎ ብሎ። «የኔ ልጅ፣ ካልሲዎቹን አንድ ላይ አድርጊልኝ፣ እዚያ ማን ያዛምድልኛል?» ከዚያ መነጽሩን አውልቆ ዘረጋላት። «ይህን ደግሞ አንቺ ጋ ተዪው። ለሚያይ ሰው ስጪው።»

«ያንተን ዓይን ለክቼ የሠራሁትን ለማን ልስጥ? ያዘው። ስትመለስ...»

«መመለስማ የለም» አለ። አነጋገሩ ልክ ተረት ሲጨርስ እንደሚያደርገው ነበር፣ ደስ ብሎት። «አንቺ ነሽ የምትመጪው። አንቺ ትመጫለሽ፣ እኔ በር ላይ ወጥቼ እቀበልሻለሁ። እንዲያ አይሻልም?»

መልስ ሊሆን ትንሽ ቀርቶት ነበር። ትንሽ ቀርቶት ስለነበረ ነው ይበልጥ የጨነቃት። ፊቷን አዙራ ካልሲ ፈለገች። ነገ ጠዋት፣ አለች። ሲሄድ ነው ልቡ የሚከፈተው። ሲሄድ ሁልጊዜ ጊዜ አለ፤ ሞተር አስነስቶ ያጠፋል፣ ደግሞ ይጠራኛል። ያን ጊዜ እጠይቀዋለሁ።

ቅዳሜ ጠዋት መኪናው ከተባለው ሰዓት ቀድሞ መጣ። ሲሚንቶ የጫነ ነው። መንገዱ ጠባብ ስለሆነ ገና እንደቆመ ከኋላው ሁለት ታክሲና አንድ ዳቦ ማመላለሻ ተደረደሩ። ጋሽ ጎማ ሽማግሌውን ከታች በትከሻው እየገፋ፣ ሾፌሩ ከላይ እየሳበ ጋቢና አስገቡት።

«ቀስ! ዕቃ አይደለሁም!» ይላል ሽማግሌው።

«ዕቃ ብትሆንማ ይቀል ነበር» ይላል ጋሽ ጎማ እያለከለከ።

ከላይ ሲቀመጥ ወንበሩን፣ ዳሽቦርዱን፣ የበሩን እጀታ በጣቶቹ ነካካ። ፊቱ በራ። በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ እጁን ዘረጋ፣ ራሷን አገኘው፣ ወደ ራሱ ሳበው፣ ግንባሯን ሳመ። «ደህና ሁኚ» አለ። ለቀቃት፣ መልሶ ያዛት፣ እንደገና ሳመ። «በሩን ማታ ማታ በደንብ ቆልፊ። ተከራይዋን ይቅርታ በዪልኝ፣ ልጅቷ ምን አጠፋች። ምሳሽን ብዪ፣ ሳትበዪ ነው የምትውዪው። ደህና ሁኚ።»

«አባዬ።»

«ወይ?»

ከኋላ ታክሲው ክላክሱን ተጫነው። ዳቦ ማመላለሻውም ተከተለው።

«አባዬ፣ አንድ ነገር...»

«ምን አልሽ? ጠጋ በዪ፣ አልሰማሁሽም!» እጁን ጆሮው ላይ አድርጎ ይበልጥ ጎነበሰላት። የፈዘዙት ዓይኖቹ ከጭንቅላቷ በላይ ያለውን ግድግዳ ያያሉ።

«አባባ፣ ይቅርታ፣ መንገድ ዘግቻለሁ» አለ ሾፌሩ። «ገባ ይበሉ፣ እጅዎን!»

መኪናው ተነሳ። እጁ ከመስኮቱ ውጪ ቀርቶ ጣቶቹ አየሩን ሲዳብሱ ታዩ፣ ከዚያ የጭነቱ ሸራ ሸፈናቸው። መነጽር ሠሪዋ አፏን እንደከፈተች መንገዱ መካከል ቆማ ቀረች።

ታክሲው ጫማዋ ድረስ ተጠጋና ሾፌሩ አንገቱን አወጣ።

«እህቴ፣ ሄዱ እኮ። መንገዱን ልቀቂልና!»